ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የሚወጋ ተረከዝ፦ ጥፋቱ ራጅ ላይ የታየው አጥንት ነው?

ጥያቄው በአጭሩ ይህ ነው፦ «ዕድሜዬ 46 ነው። ሥራዬ ቀኑን ሙሉ በሲሚንቶ ወለል ላይ ያቆመኛል። ከአምስት ወር ወዲህ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ቀኝ ተረከዜን ክፉኛ ይወጋኛል። ጥቂት ስራመድ ይለቀኛል፤ ማታ ላይ ግን ያስነክሰኛል። ራጅ ተነሥቼ ተረከዜ ላይ አጥንት በቅሏል ተባልኩ። አንዱ መርፌ ውሰድ ይለኛል፣ ሌላው አጥንቱ ካልተቆረጠ አይድንም ይለኛል። በጣም ለስላሳ ጫማ ገዝቼ ነበር፣ ብዙም አልረዳኝም። ምን ላድርግ?»

ከአጥንቱ እንጀምር፤ ይበልጥ ያስፈራዎት እሱ ይመስላልና። ያ ትርፍ አጥንት ወደ ታች የሾለ ነገር አይደለም። ከተረከዝ አጥንት ተነሥቶ ወደ ጣቶች አቅጣጫ በአግድም ይበቅላል፤ ብዙውን ጊዜም የሚበቅለው የውስጥ እግር ትንንሽ ጡንቻዎች በሚነሡበት ቦታ ላይ ነው። ስለዚህ ሲረግጡ የሚወጋዎት እሱ አይደለም። ተረከዙን አሞት የማያውቅ ሰው ራጅ ቢነሣ ይኸው አጥንት ሊገኝበት ይችላል፤ ክፉኛ የሚያመው ሰው ራጅ ደግሞ ንጹሕ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ድኖ እንደ ልቡ የሚራመድ ሰውም ድጋሚ ቢነሣ አጥንቱ እዚያው ነው። «ካልተቆረጠ አይድንም» ያለዎት ሰው ተሳስቷል።

የገለጹት ሕመም በአብዛኛው ፕላንታር ፋሺያይተስ የሚባለው ነው። ፕላንታር ፋሺያ ከተረከዝ አጥንት የታችኛው ውስጣዊ ጎን ተነሥቶ እስከ ጣቶች ሥር የሚዘረጋ ወፍራምና ጠንካራ ጅማት መሰል ሽፋን ነው፤ የእግርን ቅስት ይዞ የሚያቆመውም እሱ ነው። ሲራመዱ ተረከዝዎ ከመሬት ተነሥቶ አውራ ጣትዎ ወደ ላይ ሲታጠፍ ይህ ሽፋን ይወጠራል፣ ቅስቱም ከፍ ይላል። ሌሊት ግን እግር ወደ ታች ዘንበል ብሎ ስለሚያድር ሽፋኑም የባት ጡንቻም አጥረው ያድራሉ። ጠዋት የመጀመሪያዋ እርምጃ የሰውነትን ክብደት በሙሉ በዚያ ባጠረና በተጎዳ ሥፍራ ላይ በአንድ ጊዜ ትጭናለች። ጥቂት ሲራመዱ የሚለቅዎት ሽፋኑ ስለሚፍታታ ነው፤ ማታ የሚመለሰው ደግሞ ቀኑን ሙሉ የተሸከመው ጫና ከአቅሙ በላይ ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ሕመሙ ወራት ካስቆጠረ በኋላ ቦታው ላይ በብዛት የሚታየው የተቆጣ ቁስል ሳይሆን ተደጋጋሚ ጫና ያደከመው፣ የወፈረና ክሮቹ የተዛነፉ ሽፋን ነው። ጤነኛ ሽፋን በአልትራሳውንድ ሲለካ ውፍረቱ አብዛኛውን ጊዜ ከ4 ሚሊሜትር አይበልጥም፤ የታመመው ግን ከዚያ ያልፋል። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የፀረ ብግነት ክኒን ለጥቂት ቀን አስታግሶ የሚተወውም ለዚህ ነው። የደከመ ሽፋን ጥንካሬው የሚመለሰው በልክ እየተወጠረና ቀስ በቀስ እየተጫነ ነው። ሙሉ እረፍት ብቻውን ሕመሙን ዝም ያሰኘው እንደሆነ እንጂ ሽፋኑን አያጠነክረውም፤ ወደ ሥራ በተመለሱ ማግሥት ሕመሙም አብሮ ይመለሳል።

ወደ ሕክምናው ከመግባትዎ በፊት ግን በእርግጥ እሱ መሆኑን ይፈትሹ። ተቀምጠው ቀኝ እግርዎን በግራ ጉልበትዎ ላይ ያስቀምጡ። በአንድ እጅ ጣቶቹን ወደ ቅልጥምዎ አቅጣጫ ይሳቡ፤ በሌላው አውራ ጣትዎ ከተረከዙ ሥር፣ ወደ ውስጠኛው ጎንና ትንሽ ወደ ፊት ያለውን ቦታ ጠንከር አድርገው ይጫኑ። ሕመሙ ነጥብ ሆኖ እዚያው ከተገኘ፣ ጣቶቹን ሲስቡም ከባሰ፣ ምርመራው ከሞላ ጎደል አልቋል። የእግር ሐኪምም የሚጀምረው ከዚሁ ነው፤ ኤም አር አይም ሆነ ሌላ ራጅ አያስፈልግም።

ሕመሙ ሌላ ቦታ ከሆነ ነገሩ ይለያል። ልክ በተረከዝ መሐል፣ በተለይ ባዶ እግር በጠንካራ ወለል ላይ ሲቆሙ እንደተቀጠቀጠ የሚሰማ፣ ጠዋት ላይ ግን የማይብስ ሕመም የተረከዝ ስብ መሳሳትን ያመለክታል። ይህ የሚሻለው ተረከዝን ዙሪያውን በሚይዝ ስኒ መሰል ንጣፍ ነው፤ ብግነት የሚቀንሰው የስቴሮይድ መርፌ ደግሞ ስቡን ይበልጥ ያሳሳዋል። ተረከዝዎን ከግራና ከቀኝ በሁለት መዳፍ ሲጨምቁት ጥርስ የሚያስነክስ ሕመም ካለ፣ በተለይም በቅርቡ እርምጃ ወይም ሩጫ ድንገት ጨምረው ከሆነ፣ በጫና የመጣ የአጥንት ስንጥቅ ይጠረጠራል። ራጅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ይህን ላያሳይ ስለሚችል «ራጁ ደህና ነው» መባል በቂ ማረጋገጫ አይደለም። የሚያቃጥል፣ የሚነዝር፣ ተኝተውም የማይለቅ ሕመም ከውስጠኛው ቁርጭምጭሚት ሥር የተጨቆነ ነርቭ ይሆናል። ሁለቱም ተረከዞች በአንድ ላይ የሚያሙት፣ የጠዋት መገታተሩም ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ወጣት፣ ወገቡንም የሚያመው ወይም ሶሪያሲስ የሚባለው የቆዳ በሽታ ያለበት ከሆነ፣ ውስጥ እግር ማሸቱን ትቶ የመገጣጠሚያ ብግነት ሐኪም ይይ።

እርስዎን ወደሚመለከተው ሕክምና ልመለስ። የመጀመሪያው ሥራ ከአልጋ ሳይወርዱ የሚሠራ ነው። እግርዎን ወደ ታች ከማውረድዎ በፊት ቁጭ ይበሉ፣ ታማሚውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያድርጉ፣ ጣቶቹን በሙሉ ሥራቸው ላይ ይዘው ወደ ቅልጥምዎ ይሳቡ። በትክክል ከሳቡት በሌላው እጅ ውስጥ እግርዎን ሲዳስሱ የተወጠረ ገመድ የመሰለ ነገር ይሰማዎታል፤ ካልተሰማዎት ገና አልተወጠረም። 10 ሰከንድ ይያዙ፣ ይልቀቁ፣ 10 ጊዜ ይድገሙ። ይህን በቀን ሦስት ጊዜ ያድርጉት፤ አንዱ ጠዋት ከመጀመሪያው እርምጃ በፊት፣ ሌሎቹ ደግሞ ረዘም ላለ ጊዜ ተቀምጠው ከመነሣትዎ በፊት ይሁኑ። ብዙ ሰው ጠዋቱን ይዘላል፤ ከሦስቱ ዋናው ግን የጠዋቱ ነው።

ቀጥሎ ባት ነው። የጠበቀ ባት ተረከዝን ወደ ላይ እየጎተተ በውስጥ እግር ሽፋን ላይ ያለውን ጫና ይጨምራል። ጥብቀቱን ለማወቅ ፊትዎን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ ተረከዝዎ ከመሬት ሳይነሣ ጉልበትዎ ግድግዳውን እስኪነካ ይጠጉ። ትልቁ ጣት ከግድግዳው 10 ሴንቲሜትር ያህል ርቆ ጉልበቱ መድረስ ካቃተው፣ ወይም ከጤነኛው እግር ልዩነቱ ጎልቶ ከታየ፣ ባትዎ ጠብቋል። ለማፍታታት ታማሚውን እግር ወደ ኋላ አድርገው፣ ተረከዙን መሬት አስነክተው፣ ጉልበቱን ቀጥ አድርገው ወደ ግድግዳው ይደገፉ፤ 30 ሰከንድ፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ የኋላውን ጉልበት ትንሽ አጥፈው ያንኑ ይድገሙ፤ የታችኛው የባት ጡንቻ የሚወጠረው ጉልበት ሲታጠፍ ነው። እዚህ ላይ የሚበላሸው እግሩ ወደ ውጭ ሲዞር ነው። ጣቶቹ ቀጥታ ወደ ግድግዳው ካላመለከቱ ቅስቱ ወደ ውስጥ ይወድቃል፣ ባቱም ሳይወጠር ይቀራል።

ሦስተኛው ሥራ ማጠንከር ነው፤ ብዙ ታካሚም ብዙ ሐኪምም የሚዘነጋው እሱን ነው። ደረጃ ላይ ወይም ጠንካራ ሳጥን ላይ ይቁሙ፣ የእጅ መደገፊያ ይያዙ። ፎጣ ጠቅልለው ከጣቶችዎ ሥር ያስገቡ፤ ጣቶቹ ወደ ላይ ታጥፈው እንዲቆዩ ነው፣ ያኔ ሽፋኑ ጫናውን በቀጥታ ይቀበላል። በታማሚው እግር ብቻ ቆመው ተረከዝዎን በ3 ሰከንድ ወደ ላይ ያንሡ፣ ጫፍ ላይ 2 ሰከንድ ይቆዩ፣ በ3 ሰከንድ ቀስ ብለው ይውረዱ። በአንድ ዙር 12 ጊዜ፣ በጠቅላላው 3 ዙር፤ በሁለት ቀን አንዴ እንጂ በየቀኑ አይደለም፤ የተጫነ ሽፋን ለመጠገን ጊዜ ይፈልጋልና። ከሁለት ሳምንት በኋላ በጀርባ ቦርሳ መጽሐፍ ይጫኑና ከ10 በላይ ማንሣት እስከማይችሉ ክብደቱን ያሳድጉ፤ ያኔ 4 ዙር። አራተኛው ሳምንት ሲያልፍ ክብደቱን ጨምረው 8 ጊዜ በ5 ዙር። በአንድ እግር መጀመር ካቃተዎት በሁለቱም ይጀምሩ፤ ምንም ነውር የለውም። በጥናት ሲነጻጸር በዚህ መንገድ የሠሩ ሰዎች በሦስተኛው ወር ሽፋኑን በመወጠር ብቻ ከቆዩት የተሻለ ውጤት አግኝተዋል፤ በዓመቱ ግን ሁለቱ ተቀራርበዋል። ትርፉ ቶሎ መሻሉ ላይ ነው።

ሲሠሩ ትንሽ ማመሙ አያስደንግጥዎ። ከ10 ሕመሙ እስከ 4 ወይም 5 ቢደርስ ይቀጥሉ። መመዘኛው የማግሥቱ ጠዋት የመጀመሪያ እርምጃ ነው፤ ከትናንቱ ከባሰ ክብደቱን ይቀንሱ እንጂ ጨርሰው አያቁሙ። በሁለተኛው ሳምንት «አልተለወጠም» ብለው የሚተዉ ብዙዎች ናቸው። ይህ ሽፋን ግን በሳምንታት እንጂ በቀናት አይለወጥም፤ ቢያንስ 12 ሳምንት ይስጡት። ሳይቆረጡ ሳይሰፉ ከሚታከሙት ውስጥ ከአሥሩ ስምንቱ ወይም ዘጠኙ በዓመት ውስጥ ይሻላቸዋል።

ለስላሳው ጫማ ለምን እንዳልረዳዎ ልንገርዎ። በጣም የሚሰምጥ ሶል ተረከዝን ስለማይዝ እግር በየእርምጃው ወደ ውስጥ ይወላገዳል፣ ቅስቱም ሳይደገፍ ይውላል። ጫማ ሲመርጡ ሦስት ነገር ይፈትሹ። የኋላውን ተረከዝ መያዣ በአውራ ጣት ሲጫኑት መታጠፍ የለበትም። ጫማውን ከጫፍና ከኋላ ይዘው እንደ እርጥብ ልብስ ሲጠመዝዙት መቃወም አለበት። ሲያጥፉት ደግሞ መታጠፍ ያለበት በጣቶች መነሻ ላይ ብቻ ነው፤ መሐሉ ላይ ከታጠፈ ይመልሱት። ተረከዙ ከፊቱ ከ8 እስከ 12 ሚሊሜትር ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ ፈጽሞ ጠፍጣፋ ጫማ ለዚህ ሕመም አይመችም። ቤት ውስጥም በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ አይሂዱ፣ በተለይ ጠዋት።

ለጫማ ውስጥ ንጣፍ ብዙ ገንዘብ ለማውጣት አይቸኩሉ። በልክ የተሠራው ከተዘጋጀው የተሻለ መሆኑ ለዚህ ሕመም በጥናት በግልጽ አልታየም፤ ስለዚህ ቅስቱን የሚደግፍና ሲጫኑት የማይደፋ ዝግጁ ንጣፍ ይሞክሩ። የጫማውን የቀድሞ ንጣፍ አውጥተው ይተኩት፤ በላዩ ከደረቡት ተረከዝዎ ከጫማው ይወጣል። የመጀመሪያው ቀን ለአንድ ሰዓት ያህል ይልበሱት፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ይጨምሩ። በልክ የሚሠራው የሚያስፈልገው እግሩ የተለየ ቅርጽ ላለው ወይም ዝግጁው ከስምንት ሳምንት በኋላ ላልረዳው ሰው ነው።

ንጣፉ ይጠቅም አይጠቅም አስቀድሞ ለማወቅ የእግር ሐኪሞች በስፖርት ፕላስተር ይፈትናሉ፤ የማይለጠጥ፣ ወርዱ 2.5 ሴንቲሜትር የሆነ። መጀመሪያ ከትንሿ ጣት ሥር ተነሥተው በእግር ውጫዊ ጎን፣ በተረከዝ ኋላ ዞረው፣ በውስጠኛው ጎን እስከ አውራ ጣት ሥር ይለጥፋሉ። ከዚያ አጫጭር ፕላስተሮችን ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ቅስቱን ቀና እያደረጉ፣ በውስጥ እግር ሥር ያሻግራሉ። ፕላስተሩ በላይኛው እግር ዙሪያ ተገናኝቶ አይዘጋ፤ እግሩ ሲያብጥ ደም ያግዳል። ቢበዛ ሁለትና ሦስት ቀን ይቆያል፤ ካሳከከ ወዲያው ይነሣ። በፕላስተሩ በግልጽ ከተሻለዎት ንጣፉም ሳይረዳዎት አይቀርም።

የማታውን ሕመም ለማስታገስ ጠርሙስ ውኃ አቀዝቅዘው፣ በስስ ጨርቅ ጠቅልለው ውስጥ እግርዎን ለ10 ደቂቃ ያህል ያንከባሉበት። የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሲብስብዎ ለጥቂት ቀን እንጂ ለወራት አይወሰድም፤ የጨጓራ ቁስለት፣ የኩላሊት ወይም የልብ ሕመም ካለብዎ፣ ወይም የደም ማቅጠኛ ከወሰዱ፣ የፀረ ብግነት ክኒን ሐኪም ሳያማክሩ አይንኩ። ሌሊት እግርን ቀና አድርጎ የሚያሳድር መደገፊያም አለ፤ የጠዋቱን ሕመም ይቀንሳል፣ ግን እንቅልፍ ስለሚነሣ ብዙ ሰው ይተወዋል።

ስለ መርፌው፦ ስቴሮይድ ሕመሙን ለአንድ ወር ያህል ያስታግሳል፤ ከዚያ በኋላ ካልተወጉት የተሻለ ጥቅም አይታይም። አደጋውም እውነተኛ ነው፤ ሽፋኑ ሊበጠስ፣ የተረከዙም ስብ ሊሳሳ ይችላል። የተበጠሰ ሽፋን ያለው ሰው ቅስቱ ይወርድና ሕመሙ ወደ ውጫዊው የእግር ጎን ይዞራል፤ ይህ ከመጀመሪያው የከፋ ነው። ስለዚህ ሕመሙ እንቅስቃሴውን ጨርሶ ለከለከለው ሰው አንድ ጊዜ፣ በአልትራሳውንድ እየታየ ቢሰጥ አልቃወምም፤ ከዚያ በኋላ ለጥቂት ሳምንት ሩጫና ዝላይ ይቅር። በየሁለት ወሩ ደጋግሞ መወጋትን ግን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ሦስት ወር በትክክል ሠርተው ካልተለወጠ ሾክዌቭ የሚባለው የድምፅ ሞገድ ሕክምና ቀጣዩ ነው፤ በሳምንት አንዴ፣ ከ3 እስከ 5 ጊዜ። ሲሰጥ ያማል፣ ውጤቱም የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው። ለነፍሰ ጡር፣ ደም የመርጋት ችግር ላለበትና ቦታው ላይ ዕጢ ላለበት አይሰጥም። ቀዶ ሕክምና የሚነሣው ከ6 እስከ 12 ወር ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው፤ ያኔም ቢሆን የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ የሽፋኑ ውስጠኛ ክፍል ነው፣ ከግማሽ ሳያልፍ። ባቱ እጅግ ለጠበቀበት ሰው ባቱን ማስረዘም ይሻላል። እርስዎ ገና አምስተኛ ወርዎ ነው፣ ማጠንከሩንም አልሞከሩም፤ ለቢላዋ ቀኑ አልደረሰም።

ሥራዎ ላይ ከተቻለ በሲሚንቶው ላይ ወፍራም የላስቲክ ምንጣፍ ያንጥፉ፣ በየሰዓቱም ጥቂት ደቂቃ ይቀመጡ። ሁለት ጥንድ ጫማ ይዘው እኩለ ቀን ላይ መለወጥ ጫናው አንድ ቦታ ላይ እንዳይደጋገም ያደርጋል። ክብደትዎ በቅርብ ጊዜ ጨምሮ ከሆነ ጥቂት ኪሎ መቀነስም በተረከዝዎ ይሰማዎታል።

ጥያቄዎን አንብቦ «የእኔስ ፊት ለፊት ነው የሚያመኝ» የሚል ሰው ይኖራል። በሦስተኛውና በአራተኛው ጣት መሐል የሚያቃጥል፣ ጠጠር የረገጡ የሚያስመስል፣ ጫማ አውልቀው ሲያሹት የሚሻል ሕመም የሞርተን ኒውሮማ፣ ማለትም በጣቶች መሐል ያለ ነርቭ መወፈር ነው። ፊቱ ሰፊ ጫማና ከጣቶች ሥር ጀርባ የምትለጠፍ ትንሽ ትራስ ይረዳሉ። ትራሷ የምትበላሸው ሕመሙ ላይ ስትለጠፍ ነው። የሚያመውን ነጥብ በሊፕስቲክ ቀብተው በጫማው ንጣፍ ላይ ይቁሙ፤ ምልክቱ ከታተመ በኋላ የትራሷን የፊት ጫፍ ከምልክቱ ወደ ተረከዝ በኩል ትንሽ አርቀው ይለጥፉ፤ አጥንቶቹ እንዲራራቁ ነውና። አውራ ጣት በሌሊት ድንገት ቀልቶ፣ አብጦ፣ አንሶላ እንኳ የማያስነካ ከሆነ ሪህ ነው፤ ይህ በመድኃኒት እንጂ በንጣፍ አይታከምም። ወደ ሥጋ የገባ ጥፍርን ደግሞ ጠርዙን አይቆፍሩ፤ ቀጥ አድርጎ መቁረጥ ነው፣ የተመላለሰበት ሰው የጥፍሩን ጎን በማደንዘዣ አስወግዶ ሥሩ ዳግም እንዳያበቅል ፌኖል በሚባል ኬሚካል ማስቀባት ይችላል።

ጊዜ የማይሰጡ ምልክቶች አሉ። ከወደቁ ወይም እግርዎ ከዞረ በኋላ አራት እርምጃ መራመድ ካቃተዎ፣ ተረከዙ ከኋላ «ጧ» ብሎ በጫፍ እግር መቆም ከተሳነዎ፣ ትኩሳት ካለ፣ ወይም እግሩ ከደነዘዘ በዚያው ቀን ይታዩ። ሲፕሮፍሎክሳሲን የመሰለ አንቲባዮቲክ እየወሰዱ የተረከዝ ጅማት ማመም ከጀመረ መድኃኒቱን ላዘዘልዎ ሐኪም ወዲያው ይንገሩ።

የስኳር ሕመም ላለበት ሰው ይህ ሁሉ ምክር በሌላ ሚዛን ይታያል። እግሩ ደንዝዞ ከሆነ በረዶውም ሙቅ ውኃውም ሳይሰማው ያቃጥለዋል። ለጠነከረ ቆዳ የሚሸጠው የአሲድ ፕላስተር ቁስል ይከፍትበታል፤ ቆዳውን በምላጭ የሚያነሣለት የእግር ሐኪም ብቻ ይሁን። የሚያስደነግጠው ደግሞ ሳያም ያበጠ፣ የቀላና ከሌላው ይልቅ የሞቀ እግር ነው፤ አጥንቶቹ እየፈረሱ ሊሆን ስለሚችል እግሩን ሳይረግጥ ዛሬውኑ ይሂድ። የእግር ሐኪሙ ባለ 10 ግራም የናይለን ክር በውስጥ እግሩ ላይ እያስነካ ስሜቱን ይመረምራል፤ ምርመራው ጥቂት ደቂቃ ብቻ የሚወስድ ስለሆነ ቢያንስ በዓመት አንዴ ሊደረግለት ይገባል።

እርስዎ ከስድስት ሳምንት ሥራ በኋላ ምንም ለውጥ ካላዩ፣ ወይም ከላይ ያልኳቸው ሌሎች ምልክቶች የእርስዎን ከመሰሉ፣ ሥራውን ሳያቋርጡ ለእግር ሐኪም ቀጠሮ ይያዙ። ሲሄዱ አዲስ ሳይሆን በሥራ ያረጀውን ጫማ ይውሰዱ፤ የሶሉ አበላል ከየት በኩል እንደሚረግጡ ይናገራል። የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች ዝርዝር፣ ያንን ራጅ፣ እንዲሁም ሕመሙ በየትኛው ሰዓት እንደሚብስና ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ የመዘገቡበትን ወረቀት አብረው ይያዙ።